የመምህራን ማኅበርና የዩኒቨርሲቲ አስተዳደር፦ በሥራ ሁኔታ ላይ አብሮ መሥራት ምን ይጠይቃል?

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የመምህራን ማኅበርና አስተዳደሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኙት ነገር ከከረረ በኋላ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲዘገይ፣ የአንድ መምህር ውል ሲቋረጥ ወይም ሥራ ሊቆም ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራል። ነገሩ ሲበርድ ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል፤ እስከሚቀጥለው ግርግር ድረስም ፈላጊና ተፈላጊ የለም። ይህ ማብራሪያ የሚመለከተው ሌላውን መንገድ ነው፤ ይኸውም ሁለቱ ወገኖች በሥራ ሁኔታ ጉዳይ በቀጠሮና በጽሑፍ፣ ሰላም ባለበት ጊዜም ጭምር አብረው የሚሠሩበትን አሠራር ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ከሰሜን ሸዋ፣ በተለይም ከደብረ ብርሃን ነው፤ የሥራ ሁኔታ የሚባለው ነገር የአየሩ፣ የመንገዱና የቤት ኪራዩ ጉዳይም ስለሆነ ከቦታው ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

የሥራ ሁኔታ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ በቀጥታ ወደ ደመወዝ ይሄዳል። ደመወዝ ትልቁ ጉዳይ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን መምህሩ በሳምንት ስንት ክሬዲት እንደሚያስተምር፣ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንደሚቀመጥ፣ ተማሪ የሚያማክርበት ወንበር እንዳለው፣ የማዕረግ እድገት ፋይሉ ስንት ወር እንደሚተኛ፣ የኤክስቴንሽንና የክረምት ትምህርት ክፍያው መቼ እንደሚደርሰው፣ የወለደች መምህርት ልጇን የት እንደምታውል፣ ከሥራ ሊያሰናብቱት ሲነሱ ማን እንደሚሰማው፣ ይህ ሁሉ የሥራ ሁኔታ ነው። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ከአዲስ አበባ ውሳኔ ሳይጠበቅ እዚያው ግቢ ውስጥ ሊስተካከል የሚችል መሆኑን ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ይዘነጉታል። እኔ ይህንን መዘንጋት ከበጀት እጥረቱ የማይተናነስ ችግር አድርጌ አየዋለሁ።

ነገሩን ከቅርብ ለማየት አንድ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ እናስብ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ጠዋቶች ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። በላቦራቶሪው ውስጥ የአሲድ ተን ወደ ውጭ የሚስበው ማሽን ከተበላሸ ቆይቷል። ቴክኒካል ረዳቷ ስለዚህ ሙከራ በተሠራ ቁጥር መስኮቶቹን ወለል አድርጋ ትከፍታለች። ይህ መላ በሚያዝያ ይሠራል። በኅዳር ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግን ከደጋው ሜዳ የሚመጣው ነፋስ ተማሪዎቹን ስለሚያንቀጠቅጣቸው አንዱ ተነሥቶ መስኮቱን ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ መብረድ ወይም ተኑን መሳብ ነው። ተማሪው በሳምንት አንድ ቀን ገብቶ ይወጣል፤ ቴክኒካል ረዳቷ ግን ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ናት። ይህ ጉዳይ የፖለቲካም የደመወዝም ጥያቄ አይደለም፣ ማንም በመርሕ ደረጃ አይቃወመውም። ሆኖም እንዲህ ያለው ጉዳይ ዓመታትን ሊቆይ ይችላል፤ ለምን እንደሚቆይ መረዳት የትብብርን ነገር ግማሽ መረዳት ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኞች የሥራ ሁኔታቸውንና የኢኮኖሚ ጥቅማቸውን ለማሻሻል በማኅበር የመደራጀት፣ ከአሠሪዎቻቸው ጋር በጋራ የመደራደርና ቅሬታቸውን፣ ሥራ ማቆምን ጨምሮ፣ የማሰማት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የመንግሥት ሠራተኞችንም ያካትታል፤ ነገር ግን የሥራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸውንና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉትን ብቻ ነው፤ እነዚህ እነማን እንደሆኑም በሕግ እንደሚወሰን ይናገራል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሠራተኛ ማኅበርንና የኅብረት ስምምነትን ሥርዓት በዝርዝር የሚደነግገው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በልዩ ሕግ የሚተዳደሩ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን ከወሰኑ ውጭ ያደርጋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህር በዋናነት የሚተዳደረው በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ና በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ፣ ማለትም የግቢው ከፍተኛ የአካዳሚክ ጉባኤ በሚያወጣው ደንብ ነው። በመሆኑም የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ከአሠሪያቸው ጋር የሚፈራረሙት ዓይነት፣ በፍርድ ቤት ሊከበር የሚችል የኅብረት ስምምነት ለመምህሩ የተዘረጋለት የለም። ከዩኒቨርሲቲው አጥር ውጭ ባለው የደብረ ብርሃን ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ያለው የድርድር መሣሪያ በአጥሩ ውስጥ ለሚያስተምረው ሰው የለውም ማለት ነው።

ይህ ማለት መምህሩ መደራጀት አይችልም ማለት አይደለም። የመደራጀት ነፃነት በአንቀጽ 31 የተረጋገጠ ነው፤ በሙያ ማኅበርነት ለመቋቋምም የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በር ይከፍታል። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበርም ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ፣ በአገሪቱ ካሉት የሙያ ማኅበራት አንጋፋው ከሚባሉት አንዱ ነው። ከዚህም በላይ ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትንና በጋራ የመደራደር መብትን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87ንና 98ን በ1955 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 እንደሚለው ደግሞ የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው የከፍተኛ ትምህርት መምህራን ደረጃ የውሳኔ ሐሳብ፣ አስገዳጅ ባይሆንም፣ የሥራ ሁኔታ ከመምህራን ድርጅቶች ጋር በሚደረግ ምክክርና ድርድር እንዲወሰን ይመክራል። እንግዲህ መብቱ በላይኛው ሕግ አለ፣ የሚያስፈጽመው ዝርዝር ሕግ ግን የለም። ይህ ክፍተት መሞላት ያለበት በሕግ አውጪው ነው። እስከዚያው ግን በየግቢው ያለው ማኅበርና አስተዳደር እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም፤ የኅብረት ስምምነቱን ሥራ በከፊል ሊሠሩ የሚችሉ ሌሎች ወረቀቶች አሉና። እነርሱም የሴኔት ሕግ፣ በማኅበሩና በዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የሚፈረም የመግባቢያ ሰነድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሁለቱም ወገን የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ናቸው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንለፍ፤ ማን ምን መወሰን ይችላል? ብዙ ስብሰባዎች የሚመክኑት ጥያቄው ለማይመልሰው ሰው ስለሚቀርብ ነው። የደመወዝ ስኬልና የቤት አበል መጠን የሚወሰነው በፌዴራል መንግሥት ደረጃ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ቢፈልግም አንድ ብር መጨመር አይችልም። የማስተማር ጫና፣ የማዕረግ እድገት መስፈርትና አካሄድ፣ የምዘናና የፈተና ሥርዓት በአብዛኛው የሴኔቱ ሥልጣን ነው። የክፍልና የቢሮ ድልድል፣ ጥገና፣ የላቦራቶሪ ደኅንነት፣ ሰርቪስ፣ ኢንተርኔት፣ የሕፃናት ማቆያ፣ ክፍያን በወቅቱ መፈጸም ደግሞ የፕሬዚዳንቱና የምክትሎቹ፣ አንዳንዱም የዲኑና የትምህርት ክፍል ኃላፊው እጅ ያለ ነው። በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በበርካታ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ የግቢ አስተዳደሮች በመሐል ተይዘው ነበር፤ የተጠየቀውን መስጠት አይችሉም፣ ክፍል ባዶ ሲሆን ግን ተጠያቂዎቹ እነርሱ ናቸው። እንዲህ ባለው ጥያቄ ላይ አስተዳደሩ ማድረግ የሚችለው ነገር ቢኖር ጥያቄው ትክክል መሆኑን ካመነ ከማኅበሩ ጋር በአንድ ደብዳቤ ፈርሞ ለዩኒቨርሲቲው የሥራ አመራር ቦርድና ለትምህርት ሚኒስቴር ማድረስ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የመምህሩን ችግር የሚኖርበት ከተማ የቤት ኪራይ በጨመረ ቁጥር የሚያይ ፕሬዚዳንት ያንን በፊርማው ሲያረጋግጥ ጥያቄው የጥቂት ቅሬታ አቅራቢዎች ድምፅ መሆኑ ያበቃል።

አንዳንዱ ጉዳይ የሁለቱም ሥልጣን አይደለም። በሰሜን ሸዋ ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ምክንያት መንገድ የተዘጋባቸውና ኢንተርኔት የተቋረጠባቸው ጊዜያት ነበሩ። ማኅበሩም አስተዳደሩም መንገድ አይከፍቱም። ነገር ግን ቤተሰቡን ሊጠይቅ ሄዶ መንገድ የተዘጋበት መምህር ከሥራ እንደቀረ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? የውጤት ማስገቢያ ቀኑስ ኢንተርኔት በሌለበት ሳምንት ሲያልፍ ምን ይደረጋል? የአገሪቱን ችግር መፍታት የማይችሉ ሁለት ወገኖች ችግሩ በአንድ ሰው ላይ ብቻ እንዳይወድቅ የሚያደርግ ሕግ ግን አስቀድመው ማውጣት ይችላሉ። በእኔ እምነት በአሁኑ ጊዜ ከየትኛውም ስምምነት በፊት መጻፍ ያለበት ይህኛው ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ካልተጻፈ ግን የሚጎዳው ሁልጊዜ ከአለቃው ጋር ቅርበት የሌለው ሰው ነው።

የላቦራቶሪው ማሽን ለምን እንደዘገየ አሁን መመለስ እንችላለን። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን፣ የሚዘጋውም ሰኔ 30 ቀን ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚቀጥለውን ዓመት ፍላጎቱን አሰባስቦ የሚያቀርበው ክረምቱ ከመድረሱ ብዙ ወራት አስቀድሞ ነው። የትምህርት ክፍሉ ጥያቄውን በግንቦት ቢጽፍ የያዝነው ዓመት ገንዘብ ተሟጧል፣ የሚመጣው ዓመት እቅድ ደግሞ ተልኳል፤ ስለዚህ ደብዳቤው «ለቀጣይ ይታያል» ተብሎበት ይቀመጣል። በጊዜ ቢቀርብ እንኳ ግዥው በፕሮፎርማ (ከጥቂት ነጋዴዎች ዋጋ በመጠየቅ) ይሁን በጨረታ መወሰን፣ ዝርዝር መግለጫው በባለሙያ መዘጋጀት አለበት። መግለጫው በግምት ከተጻፈ የሚገዛው ዕቃ ለክፍሉ የማይሆን ይሆንና ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ይከርማል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጡ የላቦራቶሪ ዕቃዎች ዋጋ ስለጨመረ በአሮጌ ዋጋ የተያዘ በጀት አይበቃም። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ክፉ ሰው አልታየም። የታየው ጉዳዩን ከጥቅምት ጀምሮ ይዞ እስከ ግዥ የሚከታተል አለመኖሩ ነው። ዲኑ ሲቀየር ፋይሉ ከአዲስ ይጀመራል፣ ማኅበሩም የሚያነሣው ስብሰባ ሲጠራ ብቻ ነው።

ስለዚህ ማኅበሩና አስተዳደሩ አንድ የጋራ ኮሚቴ ማቋቋም አለባቸው፤ ዋና ሥራውም ንግግር ከመሆን ይልቅ ክትትል መሆን አለበት። ከሁለቱ ወገን እኩል ቁጥር ያላቸው አባላት ይኑሩት፤ ሰብሳቢነቱ በዙር ይሁን፤ ከአስተዳደሩ በኩል የሚቀመጠው ሰው ግን ስብሰባ ላይ «ለበላይ አቀርባለሁ» ከማለት ያለፈ ሥልጣን ያለው፣ ቢያንስ የአስተዳደር ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንቱና የበጀት ጉዳይን የሚያውቅ ሰው መሆን ይኖርበታል። ኮሚቴው ጥያቄዎችን የሚሰበስበው በመስከረምና በጥቅምት ቢሆንና እስከ ታኅሣሥ የትኛው ገንዘብ እንደሚፈልግ፣ የትኛው ደግሞ በአንድ ደብዳቤ ብቻ እንደሚያልቅ ቢለይ ለበጀት ይደርሳል። እያንዳንዱ ጉዳይ ባለቤት፣ ቀንና መልስ ይኑረው፤ መልሱ «አይቻልም» ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥ። የሰሜን ሸዋ ሰው ይህን ከዕድሩ ያውቀዋል፦ በዕድር ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ባለፈው ወር የተወሰነውን ሳያነብ አዲስ ጉዳይ አይነሣም፣ ያልከፈለውም በስሙ ይጠራል። ምሁራን የተሰበሰቡበት ግቢ ከዚያ ያነሰ መዝገብ ሊይዝ አይገባውም።

የደኅንነት ጉዳይ ለዚህ ዓይነቱ ትብብር ምርጡ መነሻ ነው፤ ምክንያቱም የሁለቱ ጥቅም በግልጽ አንድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በሌሎች አገሮችም ልምዱ ይህንኑ ያሳያል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ደንብ ዕውቅና ያለው የሠራተኛ ማኅበር የደኅንነት ተወካዮችን እንዲሰይም ይፈቅዳል፤ ሁለት ተወካዮች በጽሑፍ ከጠየቁ አሠሪው በ3 ወር ውስጥ የደኅንነት ኮሚቴ ማቋቋም ግዴታው ነው፤ ተወካዮቹም በየ3 ወሩ የሥራ ቦታውን ዞረው የመመልከት መብት አላቸው። ዩኒቨርሲቲዎችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴን ያውቃል። አዋጁ መምህሩን ባይመለከትም ሐሳቡን ወስዶ በሴኔት ውሳኔ በግቢው ማቋቋምን የሚከለክል ነገር የለም፤ ኢትዮጵያም የሙያ ደኅንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 አጽድቃለች። በየሩብ ዓመቱ አንድ የማኅበሩ ተወካይና አንድ የአስተዳደሩ ባለሙያ ላቦራቶሪውን፣ ወርክሾፑን፣ ክሊኒኩንና የኤሌክትሪክ መስመሩን አብረው ዞረው ያዩትን በአንድ ወረቀት ላይ ቢፈርሙ፣ ጥያቄው ከአንድ ሰው ሮሮነት ወጥቶ የተረጋገጠ ሰነድ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሱ ሰዎች አሉ። የአስተዳደር ሠራተኞች በሌላ ሕግ፣ ማለትም በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ፣ ስለሚተዳደሩ የመምህራን ማኅበሩ አባላት አይደሉም፤ የሚሠሩት ግን በዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። የላቦራቶሪ ቴክኒካል ረዳቶች ደግሞ ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ በምርጫ አይወከሉም። የሴቶች መምህራንም ሁኔታ እንዲሁ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር፤ ይህ ድንጋጌ በየግቢው በእኩል እንዳልተተገበረ ግን ጡት የሚጠባ ልጅ ቤት ትታ ወደ ክፍል የምትገባን እናት መጠየቅ ይበቃል። ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ ሲያልቅ ማቆያ ከሌለ የሚቋረጠው ምርምሩ ነው፣ ምርምሩ ሲቋረጥም የማዕረግ እድገቱ ይዘገያል። ኮሚቴው ለእነዚህ ወገኖች ቋሚ መቀመጫ ካልሰጠ የሚሰማው የጠንካሮቹን ድምፅ ብቻ ይሆናል።

ትብብር የራሱ አደጋም አለው፤ ይህንን ሳያነሡ ስለ ትብብር መናገር ተገቢ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የየሺቫ ዩኒቨርሲቲ መምህራንን ጉዳይ ሲያይ፣ መምህራኑ በሥርዓተ ትምህርት፣ በቅበላና በቅጥር ውሳኔ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ስላላቸው እንደ ሥራ መሪ ይቆጠራሉ፣ ስለሆነም በሠራተኛ ሕጉ ጥበቃ በማኅበር መደራደር አይችሉም ሲል በአንድ ድምፅ ብልጫ ወሰነ። በአስተዳደሩ ውስጥ መሳተፋቸው የመደራጀት መብታቸውን ማሳጫ ምክንያት ሆነ ማለት ነው። በእኛ አገር ወሰኑ ከዚያም የባሰ የደበዘዘ ነው፦ ፕሬዚዳንቱም፣ ዲኑም፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊውም መምህራን ናቸው፤ ዘመናቸው ሲያልቅ ወደ ክፍል ይመለሳሉ። ይህ መልካም ጎን አለው፤ ዛሬ የሚወስኑት ነገ በራሳቸው ላይ ይደርሳልና። ነገር ግን የማኅበሩ ሊቀመንበር በተመረጠ በዓመቱ ዳይሬክተር ሆኖ ሲሾም አባላቱ ምን እንደሚሉ መገመት አያዳግትም። የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 98 አንቀጽ 2 አሠሪው የሠራተኛውን ድርጅት በገንዘብም ሆነ በሌላ መንገድ በቁጥጥሩ ሥር ለማድረግ ጣልቃ እንዳይገባ የሚከለክለው ለዚህ ነው። በተግባር ሲታይ የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ የሆነ ሰው በዚያው ጊዜ የአስተዳደር ሹመት እንዳይዝ፣ ሹመት ከተቀበለም ከማኅበሩ ኃላፊነት እንዲለቅ በመተዳደሪያ ደንቡ መጻፍ አለበት። ማኅበሩ ቢሮና ስልክ ከዩኒቨርሲቲው መቀበል ይችላል፤ የሥራ ማስኬጃ ገንዘቡ ግን ከአባላቱ መዋጮ መምጣት ይኖርበታል።

ነፃነቱ ለምን እንደሚያስፈልግ በደብረ ብርሃን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ የሚጠራው በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ነው። ፕሮፌሰሩ በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተሰናበቱት ከአርባ በላይ መምህራን አንዱ ነበሩ። አገሪቱ ከነበሯት ቀዳሚ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች አንዱን ከክፍል ያስወጣው ውሳኔ ሲተላለፍ፣ ውሳኔውን በነፃነት አይቶ ያስቆመ አካል በግቢው ውስጥ አልነበረም። የሥራ ዋስትና ከሌለ የወንበርና የሰርቪስ ስምምነት ትርጉሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ የጋራ ኮሚቴው በአንድ ግለሰብ ላይ በቀረበ የዲሲፕሊን ክስ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ያ የራሱ ሥርዓት፣ የመሰማት መብትና ይግባኝ ሊኖረው ይገባል። ማኅበሩም እዚያ የሚቆመው ለአባሉ ጠበቃ ሆኖ ነው።

አስተዳደሩ ከዚህ ሁሉ ምን ያገኛል? ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የምትርቅ ከተማ ናት። የተሻለ ነገር ያየ መምህር ለመሄድ አንድ ቀን አይፈጅበትም፤ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ተልኮ የተማረ ሰው ሲለቅ ዩኒቨርሲቲው የሚያጣው የዓመታት ወጪውን ነው። ደመወዝ መጨመር የማይችል አስተዳደር ሰውን ማቆየት የሚችለው ክፍያን በቀኑ በመክፈል፣ የእድገት ፋይልን ከትምህርት ክፍል ጉባኤ እስከ ሴኔት፣ ለፕሮፌሰርነት ሲሆንም እስከ ቦርድ፣ በታወቀ ጊዜ ውስጥ በማድረስና የተናገረውን በመፈጸም ነው።

ሁለቱ ወገኖች ሳይስማሙ ሲቀሩስ? ኮሚቴው በተወሰነለት ጊዜ፣ ለምሳሌ በ30 ቀን ውስጥ፣ መፍትሔ ካላገኘ ጉዳዩ ከሁለቱም ወገን አስተያየት ጋር ለፕሬዚዳንቱ፣ የአካዳሚክ ሕግ የሚነካ ከሆነ ለሴኔቱ፣ ከዚያም ለቦርዱ እንደሚቀርብ በመግባቢያ ሰነዱ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። የአስተዳደር በደል ነው የሚባል ከሆነ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል፤ የሕግ መብት ከተጣሰም ፍርድ ቤት አለ። ማኅበሩ ወደ እነዚህ ቦታዎች ሲሄድ ትብብሩን እንዳፈረሰ ሊቆጠርበት አይገባም፤ አስተዳደሩም በዚህ ምክንያት የሚቀጥለውን ወር ስብሰባ መሰረዝ የለበትም። ማኅበሩ ይዞ የሚሄደው ማስረጃ ደግሞ ሁለቱም የፈረሙባቸው ቃለ ጉባኤዎችና የሩብ ዓመቱ የጉብኝት ወረቀቶች ስለሚሆኑ፣ ቅጂዎቻቸው በማኅበሩም በፕሬዚዳንቱም ጽሕፈት ቤት ተመዝግበው መቀመጥ ይኖርባቸዋል።